ካኖን 700ዲ ቤት ውስጥ ፎቶው ይደበዝዝብኛል፤ አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ ያለኝ ይበቃል?

ሳሮን_አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ ካኖን 700ዲ ነው፤ ሌንሱም አብሮት የሚሸጠው 18-55 አይኤስ ኤስቲኤም። እንጀራዬ አይደለም፣ ስለምወደው ነው የማነሳው፦ የቤተሰብ ልጆች፣ ቡና ሲፈላ፣ ልደት፣ ክርስትና፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ ደመራና ጥምቀት። ቀን ደጅ ላይ ፎቶው ደስ ይላል። ቤት ውስጥ፣ በተለይ ማታ፣ ፊት ጥርት አይልም፣ ጥላ ያለበት ቦታ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ የልጆቹ እጅ ደግሞ ጭራ ያወጣል። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ስለሆነ ሚረርለስ የሚባለውን (ውስጡ መስታወት የሌለውን) ካኖን አር50 ከ18-45 ሌንሱ ጋር ላስመጣ አስቤያለሁ። በ2013 የወጣ ካሜራ ስለሆነ ጊዜው አልፎበታል የሚሉኝ አሉ። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ጥፋቱ የካሜራው መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

ብርሃን_ለካ

ሳሮን፣ መልሱ ያለው የተበላሹት ፎቶዎች ውስጥ ስለሆነ አታጥፊያቸው። ኮምፒውተር ላይ ክፈቻቸውና መቶ በመቶ አጉልተሽ እያንዳንዱ ለምን እንደተበላሸ ለዪ። ሁሉም ሲታዩ ደብዛዛ ቢሆኑም ምክንያታቸው ይለያያል፣ መፍትሔያቸውም እንደዚያው።

ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳበ ከሆነ፣ ለምሳሌ ብርጭቆ ላይ ያለው የአምፖል ነጸብራቅ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ አጭር መስመር ከሆነ፣ የተንቀሳቀሰው እጅሽ ነው። ግድግዳውና ወንበሩ ጥርት ብለው የልጁ እጅና ፊት ብቻ ከተሳቡ የተንቀሳቀሰው ልጁ ነው። ይህንን ሌንሱ ላይ ያለው አይኤስ አያድነውም፤ አይኤስ የሚያረጋጋው የያዡን እጅ እንጂ የሚነሳውን ሰው አይደለም። ፊቱ ደብዝዞ ከኋላ ያለው መጋረጃ ወይም ከፊት ያለው ረከቦት ጥርት ካለ ፎከሱ ስቷል። ምንም ሳይሳብ፣ ፎከሱም ሳይስት፣ ቅንድብና ፀጉር ተዋህዶ ቆዳው የተለሰነ ከመሰለ ደግሞ አይኤስኦው (ብርሃኑን የማጉላት መጠን) ከፍ ብሎ ካሜራው ኖይዙን (አሸዋ ያልሽውን) ለማጥፋት ሲል ዝርዝሩንም አብሮ አጥፍቶታል። ይህ የመጨረሻው ጄፔግ ላይ ይብሳል። በሮው (ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል) ካነሳሽ ኖይዙ ምን ያህል ይጥፋ የሚለውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ የካኖን የራሱ ዲፒፒ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው፣ ዳርክቴብልም እንዲሁ።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ፎቶ ቁጥር ተመልከቺ። ዊንዶውስ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ ብትዪ የሹተር ፍጥነቱን (1/60 ማለት የሰከንድ ስድሳኛ ነው)፣ አፐርቸሩን (የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል)፣ አይኤስኦውንና ዙሙ ስንት ላይ እንደነበረ ያሳይሻል። ጸጥ ብሎ ለተቀመጠ አዋቂ 1/60 ይበቃል፤ የሚያወራና የሚስቅ ሰው 1/125፣ የሚሯሯጥ ልጅ 1/250 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያነበብሽው 1/15 ወይም 1/30 ከሆነ የትኛውም ካሜራ ቢሆን ልጁን አያቆመውም።

አሁን ወደ ሌንሱ። 18-55 ዙሙ ወደ 55 ሲጠጋ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አንድ አምፖል ባለበት ሳሎን ኤፍ 5.6፣ 1/30፣ አይኤስኦ 6400 የሚጠይቅ ፎቶ በኤፍ 1.8 ሲነሳ 1/160 በአይኤስኦ 3200 ይሆናል። እጁም ይቆማል፣ አሸዋውም ይቀንሳል፣ ካሜራው ግን ያው 700ዲ ነው።

ምንም ሳትገዢ ዛሬ ማታ መሞከር የምትችይው አለ። ሞዱን ቲቪ (Tv፣ ሹተሩን አንቺ የምትወስኚበት) ላይ አድርጊ፣ ሹተሩን 1/125፣ አይኤስኦውን ኦቶ፣ የኦቶውን ጣሪያ በሜኑ 6400። ኤቪ (Av፣ አፐርቸሩን አንቺ የምትወስኚበት) ላይ ከተውሽው 700ዲ ኦቶ አይኤስኦ ሲሆን ዝቅተኛውን የሹተር ፍጥነት እንድትወስኚ ስለማይፈቅድ ልጆች ላይ ያዘገይብሻል። ዙሙን ወደ 18 መልሰሽ በእግርሽ ተጠጊ፤ እዚያ ኤፍ 3.5 ይከፈታል፣ ይህም ከ5.6 አንድ ስቶፕ ከሲሶ ይበልጣል (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው)። ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ግን 18 አፍንጫ ስለሚያገዝፍ በጣም አትጠጊ።

ጋሼ_ጠጋኙ

ልጄ፣ ከዚያ በፊት የማሽኑ ጤና ይታይ። ሌንሱ ላይ ዩቪ ፊልተር ካለ ፍቺው። ርካሹ ፊልተር ማታ አምፖሉን መልሶ እያንጸባረቀ ፎቶው ላይ ጭጋግ ያለብሳል፣ ብዙ ሰው ያንን ከካሜራው እርጅና ይቆጥረዋል። ከዚያ ሌንሱን አውጪና በኋላው በኩል የስልክ ባትሪ አብርተሽ በፊት በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቺ። ጥቂት የአቧራ ነጥብ ፎቶ ላይ አይታይም፣ አትጨነቂ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፤ ወጥ የሆነ ጭጋግ ካለም ሌንሱ መከፈት አለበት። የ18-55 ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመክፈቻውን እጅ ዋጋ አያወጣም።

አንዳንዴ «ኤረር 01» እያለ የሚቆም ከሆነ በካሜራውና በሌንሱ መካከል ያሉት የወርቅማ ነጥቦች ቆሽሸዋል። ደረቅና ንጹሕ የመነጽር ጨርቅ ይበቃቸዋል። የእርሳስ ላጲስ አትጠቀሚ፣ ፍርፋሪው ውስጥ ይገባል።

ፎከሱ ስቷል ብለሽ ከጠረጠርሽ እንዲህ ፈትሺ። የተጻፈበት ወረቀት ብርሃን ባለበት ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ ካሜራውን ጠረጴዛ ወይም ትራይፖድ ላይ አስቀምጪ፣ ርቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይሁን፣ ዙሙ 55 ላይ፣ አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ። የመሐሉን የፎከስ ነጥብ ብቻ ምረጪ። በዓይን መመልከቻው ደጋግመሽ አንሺ፣ በየመሐሉ ፎከሱን በእጅ አበላሽተሽ እንደገና እንዲፈልግ አድርጊ። ቀጥሎ ወደ ላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ ማንሳት) አዙረሽ ያንኑ ድገሚ። ላይቭ ቪው ፎከሱን የሚያነበው ፎቶውን ከሚቀበለው ከሴንሰሩ ራሱ ነው፤ መመልከቻው ግን በመስታወቱ ሥር ካለ ሌላ ሴንሰር ነው የሚያነበው። የላይቭ ቪውው ጥርት ብሎ የመመልከቻው ሁልጊዜ በአንድ ወገን የሚስት ከሆነ መስመሩን ስቷል ማለት ነው። 700ዲ ይህን ከሜኑ ማስተካከያ የለውም፣ እንደ 70ዲና 7ዲ አይደለም፣ ስለዚህ ወይ ጥገና ቤት ይስተካከላል ወይ ጸጥ ያለ ነገር ሲሆን በላይቭ ቪው ይሠራል። ሁለቱም ደብዛዛ ከሆኑ ችግሩ ሌንሱ ነው። አንዴ ልክ አንዴ ስህተት ከሆነ ደግሞ በጨለማ የተለመደ ነው።

ከመመልከቻው ጎን ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ አትርሺ። እሷ የዓይንሽን ቁጥር ማስተካከያ ናት፣ የፎቶውን ጥራት አትነካም፤ ከቦታዋ ከተነቃነቀች ግን ጥርት ያለውንም ደብዛዛ አድርጋ ታሳይሻለች።

ዮኒ_ሚረርለስ

በሌላው ወገን ልከራከር፣ ምክንያቱም አር50 ባዶ ወሬ አይደለም። ኦቶ ፎከሱ ዓይንን አግኝቶ ይከተላል፤ 700ዲ በመመልከቻው ዘጠኝ ነጥብ ብቻ ነው ያለው፣ ልጅ ከነጥቡ ከወጣ አለቀ። መመልከቻው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ፎቶው ሳይነሳ መጨለሙን ወይም መንጣቱን ታያለሽ። ድምፅ አልባ ሹተር አለው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴንሰሩም አዲስ ነው፣ ከፍ ባለ አይኤስኦ ወደ አንድ ስቶፕ የሚጠጋ ይሻላል። ቪዲዮ ከሆነ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፦ 4ኬ ይቀርጻል፣ ፎከሱም ሰው ሲራመድ ሳይንገዳገድ ይከተላል። 700ዲ ቪዲዮ ላይ ፎከሱ ወዲያና ወዲህ እያለ ይፈልጋል።

ብርሃን_ለካ

ዮኒ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። የምቃወመው ጥቅሉን ነው፣ 18-45ቱን። ሌንሱ ኤፍ 4.5-6.3 ነው። በሰፊው ወገን ሳሮን አሁን ካላት 3.5 ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ የጨለመ ነው፣ በረጅሙ ወገን ደግሞ ከ5.6 ሲሶ ስቶፕ። ስለዚህ አዲሱ ሴንሰር የሰጣትን አንድ ስቶፕ ሌንሱ አብዛኛውን መልሶ ይወስድባታል። ያው ሳሎን፣ ያው አምፖል፣ ያው 1/30 ይጠብቃታል። ዓይን የሚያገኘው ፎከስ ዓይኑን በትክክል ያገኝና የተንቀሳቀሰ ዓይን ያነሳል።

ድምፅ አልባው ሹተርም ገደብ አለው። ኤሌክትሮኒክ ሹተር ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ስለሚያነብ በኤልኢዲና በፍሎረሰንት ብርሃን ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ። በሻማና በመስኮት ብርሃን ችግር የለውም።

አር50 በ2023 ሲወጣ አካሉ ብቻ 680 ዶላር፣ ከ18-45 ጋር 800 ዶላር ያህል ነበር። የካኖን 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም (ዙም የሌለው የ50 ሚሊሜትር ሌንስ) በ2015 ሲወጣ 125 ዶላር አካባቢ ነበር። ይህ ሌንስ ደግሞ አይቀርም፤ ነገ ሚረርለስ ብትገዛ በካኖን አዳፕተር ኦቶ ፎከሱም አፐርቸሩም ሳይጓደል ይሠራላታል። የ18-55ቱም እንዲሁ። ስለዚህ ሌንሱን አስቀድማ ብትገዛ የምታጣው ነገር የለም፤ ካሜራውን አስቀድማ በ18-45 ብትገዛ ግን ሌንሱን መግዛቷ አይቀርም።

ቤዛ_ስልክ

ስልኬ ማታ ከዲኤስኤልአር (እንደ 700ዲ ያለ መስታወት ያለው ካሜራ) የተሻለ የሚያነሳው ለምንድን ነው? ይህ ራሱ ካሜራው አርጅቷል ማለት አይደለም?

ብርሃን_ለካ

ቤዛ፣ ስልኩ ማታ አንድ ፎቶ አያነሳም። ብዙ ፍሬም በተከታታይ ያነሳና ደርቦ ኖይዙን ያማክላል፣ ጥላውን ያነሳል፣ ነጩን ይጎትታል። ዋናው ሌንሱም ሰፊ ነው፣ ብዙዎቹ ኤፍ 1.8 አካባቢ ናቸው። ሰው ካልተነቃነቀ ውጤቱ በርግጥ ያምራል። ልጅ ሲሮጥ ግን ፍሬሞቹ ስለማይገጥሙ እጁ ይሰወራል ወይም ፊቱ ይለሰናል። ሌላው ደግሞ ስልክ ላይ የምታይው በትንሽ ስክሪን ነው፣ ያንኑ ፎቶ ኤ3 ወረቀት ላይ አሳትመሽ አወዳድሪ። 700ዲ 5184 በ3456 ፒክስል ነው፤ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 44 በ29 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ኤ3 ማለት ይቻላል። ለግድግዳ ፎቶ ሜጋፒክስል አልጎደላትም።

እግረ መንገዴን፦ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ስለሚደርስ ተቀባዩ ያየውን ድብዘዛ ከካሜራው ይቆጥረዋል።

ሳሮን_አዳማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የተባለውን ሁሉ ሠራሁ። የተበላሹት አብዛኞቹ ዙሙ ከ40 እስከ 55፣ ኤፍ 5.6፣ ሹተሩ በ1/20 እና በ1/40 መካከል ነው። ግድግዳው ጥርት ብሎ ልጁ ነው የተሳበው። ጋሼ ያሉትን የወረቀት ፍተሻም አደረግሁ፣ የመመልከቻውና የላይቭ ቪውው እኩል ነው፣ ሌንሱም ውስጡ ንጹሕ ነው። በቲቪ 1/125 ስሞክር መሳቡ ቀረ፣ ኖይዙ ግን ብሷል፣ አንዳንዱም ጨልሟል። እንግዲያው ሌንስ ከሆነ 50 ኤፍ 1.8 ነው ወይስ 24 ኤፍ 2.8? ሳሎናችን አራት በሦስት ተኩል ሜትር ነው፣ ሶፋው ሲወጣ የሚቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሰብለ_ጠባብ_ክፍል

ሳሮን፣ ይህን ርቀቱ ይወስንልሻል። የ700ዲ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ 50 ሌንስ በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ በሆነ ካሜራ) ላይ እንደሚገጠም 80 ሌንስ ጠበብ አድርጎ ያሳያል። በሦስት ሜትር ርቀት 50 የሚይዘው ስፋት አንድ ሜትር ከ34 ነው፣ ከፍታው 89 ሴንቲሜትር። ካሜራውን አቁመሽ ከያዝሽው የተቀመጠ ሰው ሙሉውን ይገባል፣ አጠገቡ ያለችው ግን ትቆረጣለች። 24 በዚያው ርቀት ሁለት ሜትር ከ79 በአንድ ሜትር ከ86 ይይዛል፤ ቡና የምታፈላዋ፣ ረከቦቱ፣ ዙሪያዋ የተቀመጡት አራት አምስት ሰዎች ይገባሉ።

በብርሃን ግን 24 ኤፍ 2.8 ስለሆነ ከ50ው አንድ ስቶፕ ከሲሶ ያነሰ ነው። ከ18-55 ጋር በ24 ላይ ሲወዳደር የሚያተርፍልሽ አንድ ስቶፕ አካባቢ ብቻ ነው፣ አይኤስም የለውም። ስለዚህ 24 ለማታ ብርሃን መፍትሔ አይሆንሽም፤ ትንሽና ቀላል መሆኑ ነው ጥሩ ነገሩ። ለልጆቹ ፊት 50፣ ለቡናው ዙሪያ ያለሽ 18-55 ከፍላሽ ጋር፣ የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

50ውን ስትገዢ ግን ኤፍ 1.8 ላይ ሁለት ሜትር ርቀት ሲሆን ጥርት የሚለው ጥልቀት አሥራ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ መሆኑን አትርሺ። አንድ ሜትር ላይ ከሦስት ሴንቲሜትር ያንሳል። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ወደ ኋላ ካለ አንዱ ይደበዝዛል፣ ሰውም ያንን ሲያይ ሌንሱ ተበላሽቷል ይላል። ለሁለት ፊት ኤፍ 2.8፣ ለሦስትና ለአራት ኤፍ 4። የፎከስ ነጥቡን ራስሽ ምረጪ፣ ቅርብ ያለው ዓይን ላይ አድርጊው፤ ዘጠኙን ለካሜራው ከተውሽለት ቅርብ ያገኘውን ነገር ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም የተዘረጋ እጅ ነው።

ኮርኒስ_ላይ_ፍላሽ

ፍላሽ መነሳቱ ደስ ብሎኛል፣ ለሳሎን ፎቶ ከሁሉም በላይ የሚለውጠው እሱ ነው። ካሜራው ላይ ያለውን ብቅ የሚለውን አይደለም የምለው፤ እሱ ከሌንሱ ጎን ሆኖ ፊትን ያወዛል፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጥፋል። ራሱ የሚዞር ፍላሽ ያስፈልጋል። ጎዶክስ ቲቲ685 ሁለት ለካኖን «ሲ» የሚል ምልክት ያለው ይሁን፣ «ኤን» የኒኮን ነው፣ «ኤስ» የሶኒ፤ በጥድፊያ ሲገዛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቲቲ600 ይረክሳል፣ ነገር ግን ካሜራው ላይ ሲሰካ ቲቲኤል የለውም፣ ኃይሉን በየፎቶው በእጅ ትወስኛለሽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞድ ኤም፣ 1/125፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 800፣ ፍላሹ ቲቲኤል። ጭንቅላቱን ወደ ኮርኒሱ አቅኚ፣ ትንሽ ወደ ኋላሽ እንዲያዘነብል አድርጊው። ብርሃኑ ኮርኒሱን መትቶ ሰፍቶ ይወርዳል፣ ፊት ላይ ለስላሳ ሆኖ ይደርሳል። ልጁን የሚያቆመው ሹተሩ ሳይሆን የፍላሹ ብልጭታ ነው፣ እሱም ሙሉ ኃይሉ ላይ ካልሆነ ብዙ ጊዜ ከሰከንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። ሹተሩን ግን ከ1/200 አታሳልፊ፤ ካለፍሽ የ700ዲ መጋረጃ ብልጭታውን ይጋርድና የፎቶው ከፊሉ ጥቁር ሊሆን ይችላል።

ኮርኒሱ ነጭ መሆን አለበት። እንጨት ከሆነ ፊት ሁሉ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ከተቀባና ወደዚያ ካዞርሽው አገጭ ሥር አረንጓዴ ጥላ ይቀራል፣ ያንን በኤዲት ማስተካከል ከባድ ነው ምክንያቱም ቀለሙ የፊቱ አንድ ወገን ላይ ብቻ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ነጭ ግድግዳ ፈልጊ፣ ወይም አንድ ሰው ከጎን ነጭ አንሶላ ይዘርጋልሽ። ተራ የባትሪ ድንጋይ አትጠቀሚ፣ ከጥቂት ብልጭታ በኋላ ለመሙላት ብዙ ሰከንድ ይወስዳል። አራት ቻርጅ የሚደረጉ ኒኬል ድንጋዮች ከነቻርጀራቸው ግዢ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ፍላሹ ይቅር። አባቶችን ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማውጣትም አይገባም።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ አር50 ፍላሽ መሰኪያው የድሮዎቹ ፍላሾች የሚነኩት ነጥብ የለውም። ከላይ የተባለው ጎዶክስ እሱ ላይ እንዲሠራ የካኖን ኤዲ-ኢ1 የሚባል ማገናኛ ለብቻው መገዛት አለበት። ሌላው የካኖን ሚረርለስ፣ አር10፣ ይህ ችግር የለበትም። ሳሮን አንድ ቀን ብትቀይር ፍላሹን አስባ ትምረጥ።

ሁለተኛ፣ እዚህ አሜሪካ ያሉ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ለአምፖል መንቀጥቀጥ 1/60 ወይም 1/120 ተጠቀሙ ይላሉ። ያ እዚህ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ነው፣ እስራኤልና አውሮፓም፤ እዚያ የሚመቸው 1/50 እና 1/100 ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ባለበት ክፍል በ1/160 ስታነሺ አንዱ ፎቶ ደማቅ አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ቢጫ ከሆነብሽ ወደ 1/100 ውረጂ። ብርሃን_ለካ የሰጠሽ ቁጥር በ1/100 ሲሆን አይኤስኦው 2000 ይሆናል።

ነጠላና_ጥላ

ስለ ኖይዙ የቀረ ነገር አለ። ሳሮን ጨልሟል ያለችውን ፎቶ በኋላ በኤዲት ስታነሳው ነው አሸዋው የሚበዛው። የካኖን 18 ሜጋፒክስል ሴንሰር ደካማ ጎኑ እዚህ ነው፤ ጥላውን ከሁለት ስቶፕ በላይ ከጎተትሽው ኖይዙ በመስመር በመስመር ሆኖ ይወጣል። አዳዲሶቹ ሴንሰሮች በርግጥ ይበልጡታል። መፍትሔው ሲነሳ ልኩን ማግኘት ነው። በልኩ የበራ አይኤስኦ 3200 ፎቶ፣ ጨልሞ ተነስቶ ከተጎተተ አይኤስኦ 800 ይሻላል።

የእኛ ልብስ ደግሞ የካሜራውን ብርሃን መለኪያ ያሳስተዋል። ፍሬሙ በነጠላና በሀበሻ ቀሚስ ከተሞላ ካሜራው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፣ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ይጨልማል። እዚያ ላይ የብርሃን ማካካሻውን (ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን) በፕላስ ሁለት ሦስተኛ ወይም ፕላስ አንድ ስቶፕ ጨምሪ። በተቃራኒው ጨለማ መቅደስ ውስጥ አንድ ነጠላ የለበሰች እናት ብቻ ካለች ካሜራው ጨለማውን ለማብራት ሲል ነጠላውን ያቃጥላል፣ ጥለቱ ሁሉ ይጠፋል። እዚያ ማይነስ ሁለት ሦስተኛ። ፎቶውን መልሰሽ ስታዪ ኢንፎ የሚለውን ተጫኚ፤ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ሥዕል) ይወጣል፣ የተቃጠለው ነጭ ብልጭ ብልጭ ይላል። የነጠላው ጫፍ ትንሽ ቢቃጠል ምንም አይደለም፣ ፊቱ ላይ ከሆነ ግን ድገሚ።

ጥምቀት ላይ እኩለ ቀን ከሆነ ማንኛውም ካሜራ ይቸገራል። ካህኑ በቀይ ጃንጥላ ሥር ካለ ፊቱ ቀይ ነው፣ የፊት ቀለሙን ከጃንጥላው መለየት የሚችል ሴንሰር የለም። በጥዋቱ ብርሃን፣ ፀሐይዋ ከጎን ሆና ከጃንጥላው ሥር ስትገባ አንሺ። አቧራው በሚነሳበት ሜዳ ላይ ደግሞ ሌንስ አትቀያይሪ፣ የሚያስፈልግሽን ቤት ገጥመሽ ውጪ።

ጋሼ_ጠጋኙ

አቧራ ከተነሳ ዘንድ፦ ሴንሰሩ ላይ መኖሩን ለማወቅ ኤፍ 16፣ አይኤስኦ 100 አድርገሽ ጥርት ያለ ሰማይ ፎከሱን አበላሽተሽ አንሺ። በሁሉም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ግራጫ ነጥብ ካለ እሱ ነው። ባትሪውን ሙሉ አድርጊ፣ ከሜኑ ሴንሰር ክሊኒንግ፣ ክሊን ማንዋሊ። መስታወቱ ይነሳል። ካሜራውን አፉን ወደ ታች ይዘሽ በጎማ መንፊያ ንፊ። በአፍ አይነፋም፣ ምራቅ ይረጫል። በቆርቆሮ የታሸገው አየርም አይሆንም፣ ፈሳሹ ሴንሰሩ ላይ ይቀራል። ባትሪው መሐል ላይ ካለቀ መስታወቱ ስለሚወርድ ለዚያ ነው ሙሉ ይሁን ያልኩት።

ዳኒ_ኒኮን

እኔ ኒኮን ዲ3500 ነው ያለኝ። 50 ኤፍ 1.8 ዲ በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ይሆናል?

ሰብለ_ጠባብ_ክፍል

ዳኒ፣ አትግዛው ወንድሜ። ዲ3500 አካሉ ውስጥ የፎከስ ሞተር የለውም፣ «ዲ» የሚለው ሌንስም የለውም፤ በእጅህ ፎከስ እያደረግህ ትኖራለህ። ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበትን ፈልግ። ለሳሎን ደግሞ 35 ኤፍ 1.8 ጂ ዲኤክስ ይሻልሃል።

ዮኒ_ሚረርለስ

ሳሮን ቪዲዮ ካላሰበች በተባለው እስማማለሁ። ቪዲዮ የምትፈልግ ከሆነ ግን ሌንሱ አያድናትም። 700ዲ በአንድ ቅጂ ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ አያልፍም፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም፣ ፎከሱንም ተናግረናል። የልደትና የክርስትና ቪዲዮ ዋና ሐሳብሽ ከሆነ ካሜራ ግዢ፣ አካሉን ብቻ፣ ከአርኤፍ 50 ኤፍ 1.8 (ለካኖን ሚረርለስ ከተሠራው 50) ጋር።

ሳሮን_አዳማ

ቪዲዮ አላስብም፣ ከተፈለገም ስልኩ ይበቃል። ስለዚህ አር50 ይቅር። የአክስቴ ልጅ ጎዶክሱን «ሲ» የሚለውን ከነድንጋዮቹ ያመጣልኛል፣ 50ውን ግን እዚሁ ያገለገለ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ስሄድ ምን ምን ልይ?

ጋሼ_ጠጋኙ

ካሜራሽን ይዘሽ ሂጂ፣ በሥዕል አይገዛም። መጀመሪያ ጀርባውን ተመልከቺ፦ ከካሜራው ጋር የሚገጥመው ቀለበት ብረት ከሆነና ፊቱ ላይ «STM» ከተጻፈበት ኤስቲኤም ነው፤ ፕላስቲክ ከሆነ የድሮው ቁጥር ሁለት ነው፣ እሱ ፎከሱ ይጮኻል፣ ዋጋውም ከግማሽ መብለጥ የለበትም። የሌላ ፋብሪካ፣ የዮንግኑኦ፣ ቅጂም ስላለ ፊቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ግጠሚውና ከቅርቡ 35 ሴንቲሜትር እስከ ሩቁ ፎከስ አስደርጊ። ይህ ሌንስ ፎከስ ሲያደርግ የፊት ቱቦው ይወጣል ይገባል፤ ቱቦው ወጥቶ ሳለ ከወደቀ ወይም ከተገፋ ጥርሱ ይበላሻል፣ ግማሽ መንገድ ላይ እየተንተከተከ ይቆማል። እንዲህ ካደረገ አይጠገንም ብለሽ ተዪው። ከዚያ ኤፍ 1.8 ላይ አንድ፣ ኤፍ 8 ላይ አንድ ፎቶ አንሺ። የኤፍ 8ቱ ከመጠን በላይ ከነጣ የአፐርቸሩ ቅጠሎች ተጣብቀዋል።

የሻጩ ቤት ጨለማ ከሆነ ደግሞ ደጅ አውጥተሽ የቤቱን ቁጥር ታፔላ በኤፍ 1.8 አንሺና ስክሪኑ ላይ አጉልተሽ አራቱንም ጥግ አወዳድሪ። ጥጎቹ ሁሉም በትንሹ ቢለሰልሱ የሌንሱ ባሕርይ ነው። አንዱ ጥግ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከደበዘዘ ወድቆ ያውቃል፣ ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ።